ፊውዙ ለምን ተቃጠለ?

ከሠርግ አዳራሽ አንድ አምፕሊፋየር ይዘውልኝ መጡ። የቀኙ ስፒከር ድንገት ድም ብሎ ዝም አለ፤ ፊውዝ ቀየሩ፤ ወዲያው ተቃጠለ። ሦስት ፊውዝ ጨርሰዋል። ክዳኑን ስከፍት የተቃጠለ ሪዚስተር ሽታ ተቀበለኝ።

የአምፕሊፋየር የመጨረሻው ክፍል ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ ለምሳሌ 2ኤን3055 እና ኤምጄ2955። አንዱ ከፕላሱ መስመር ወደ ስፒከሩ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ማይነሱ ይስባል። ሲመጣጠኑ፣ ሙዚቃ በሌለበት ሰዓት ስፒከሩ ላይ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ቮልት ይኖራል። አንዱ ሲሞት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆኖ ስለሚሞት 40 ወይም 60 ቮልት ቀጥ ብሎ ስፒከሩ ውስጥ ገብቶ ኮይሉን ያቃጥላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስፒከሩን ንቀሉ።

ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ክፉኛ የሚመታ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በሪዚስተር ባዶ አድርጌ፣ መውረዱን በቴስተር አይቼ ነው የምነካቸው። ከዚያ ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጌ ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ እለካለሁ። ከቤዝ ወደ ኮሌክተርና ወደ ኤሚተር በአንድ አቅጣጫ 0.5 እስከ 0.7 የሚያሳይ ደህና ነው፤ በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካሳየ ሞቷል። በዚህኛው ሁለቱም ሞተዋል። የሚነዳቸው ትንሹ ትራንዚስተርና 0.22 ኦሙ ሪዚስተርም አብረው ሄደዋል። ትልልቆቹን ብቻ ቀይሮ የሚያበራ ሰው አዲሶቹንም በሰከንድ ውስጥ ያቃጥላል። ገዳዩ የተገኘው ከስፒከሩ ገመድ ነው፤ የጠረጴዛ እግር ልጦት ሁለቱ ሽቦዎች ይነካኩ ነበር።

ጀማሪ ሁሉ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ መሣሪያ አለ፤ ተራ የክር አምፖል። ኤልኢዲ አይሆንም። በምኖርበት አገር መስመሩ 120 ቮልት ስለሆነ፣ 100 ዋት አምፖል ወደ አምፕሊፋየሩ በሚገባው በአንደኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ መሐል በተከታታይ አስገባለሁ። ከ0.8 አምፔር ብዙም አያሳልፍም፤ ስህተት ቢቀር አዲሱ ትራንዚስተር ሳይነድ አምፖሉ ይበራል። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞልተዋል ማለት ነው። ፍክት ብሎ ከቀረ ሾርቱ አለ፤ አጥፍቼ ወደ መለካት እመለሳለሁ።

የሞቱትን ሁሉ ከቀየርኩ በኋላ ያ አምፕሊፋየር በአምፖል በኩል ሲበራ ብርሃኑ ደበዘዘ። የስፒከሩ መውጫ 12 ሚሊቮልት አሳየ። አምፖሉን አውጥቼ፣ ሩብ ሰዓት አሙቄ፣ በ0.22 ኦሙ ላይ 10 ሚሊቮልት እስኪነበብ የባያሱን (ሙዚቃ በሌለበት በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ኮረንት) ማስተካከያ ቀስ ብዬ አዞርኩ፤ 45 ሚሊአምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያም ለሙከራ ያስቀመጥኳትን አሮጌ ስፒከር አገናኘሁ።