የነዳጁ መንገድ፦ ካርቡሬተርን በኢንጀክሽን ስለ መተካት ተረትና እውነታ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጁ ያለውን አሮጌ ቮልስዋገን ወይም ቶዮታ አድሶ ለማኖር የሚያስብ ባለ መኪና አንድ ተጨማሪ ምክንያት አግኝቷል፤ ከዚህም አሳብ ጋራ አብሮ የሚነሣው ጥያቄ፣ ካርቡሬተሩን አውርዶ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ኢንጀክሽን መትከል ይቻላልን የሚል ነው። መቻሉስ ይቻላል፤ ነገር ግን ስለ ጉዳዩ የሚነገረው ወሬ ዓይኑን የጣለው በሞተሩ ራስ ላይ በሚቀመጠው አዲስ ዕቃ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ የሥራው ሁሉ መሠረት የሆነው የነዳጁ መንገድ፣ ይኸውም ከታንኩ ተነሥቶ እስከ ሞተሩ የሚደርሰው የፓምፕ፣ የፊልትሮና የቱቦ ሥርዓት፣ ተዘንግቶ ይቀራል። ከዚህ በታች ከተለመዱት አባባሎች ስድስቱ ከነእርማታቸው ተጽፈዋል።

ተረት 1፦ «ካርቡሬተሩን አንሥቶ ኢንጀክሽኑን በቦታው ማሰር ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ካርቡሬተር በጥንተ ጠባዩ ቤንዚንን የሚያወጣው በመግፋት ሳይሆን በመሳብ ነው፤ በጠባቡ ጉሮሮው ፈጥኖ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ሲቀንስ፣ በጎኑ ካለችው ትንሽ የነዳጅ ጽዋ ቤንዚኑን ስቦ ይበትነዋል፤ ስለዚህም በሞተሩ ኃይል የሚሠራው የድሮው ፓምፕ ያችን ጽዋ ከመሙላት በቀር ሌላ ግዴታ ስለሌለበት፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር የሚደርስ ግፊት ይበቃዋል። ኢንጀክተር ግን በሴኮንድ ሺሕኛ የምትቆጠር ቅጽበት ብቻ ተከፍቶ የሚዘጋ በር ስለ ሆነ፣ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ቤንዚን መጠኑ የታወቀና እንደ ጉም የረቀቀ ይሆን ዘንድ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ባር፣ በካርቡሬተር ቦታ እንዲታሰሩ ተብለው አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡት ስብስቦች ደግሞ ወደ 4 ባር የሚጠጋ ጽኑዕ ግፊት ይፈልጋል። ከስድስት እጅ ያላነሰ የሚበልጠውን ይህን ግፊት የድሮው ፓምፕ ሊሰጥ አይችልም፤ እንግዲህ ለውጡ የሚጀምረው ከሞተሩ ራስ ሳይሆን ከታንኩ ነው።

ተረት 2፦ «ብርቱ ፓምፕ ከተገዛ የትም ቢታሰር ያው ነው።»

እውነታ፦ የኢንጀክሽን ፓምፕ ለመግፋት ብርቱ፣ ለመሳብ ግን ደካማ ነው፤ ፈሳሽ በተሳበ ቁጥር ግፊቱ ስለሚወርድ፣ ቤንዚንም በባሕርዩ ፈጥኖ የሚተን ስለ ሆነ፣ ከታንኩ ርቆ ወይም ከፍ ብሎ የታሰረ ፓምፕ ቤንዚን በመግፋት ፈንታ እንፋሎት ሲያላምጥ ይውላል። ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ጠባይ ይብስበታል። ባለ መኪናው ሊመርጥ የሚችላቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፓምፑን ከታንኩ ውጭ፣ ነገር ግን ከታንኩ ሥር፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወርዶ በሚደርስበት ቦታ ማሰር ነው፤ ወጪው አነስተኛ፣ ጥገናውም ቀላል ሲሆን፣ ድምፁ ይሰማል፣ ሙቀትም ያጠቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ቮልስዋገን ለአሜሪካ ገበያ የሠራትን ቢትል ኢንጀክሽን ባለበሳት ጊዜ፣ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ሳለ ፓምፑን ከፊት፣ ከታንኩ አጠገብ ማኖሩ ይህንኑ ሕግ ጠብቆ ነው።

ሁለተኛው ፓምፑን በታንኩ ውስጥ ማጥለቅ ነው፤ ዛሬ የሚሠሩት የቤንዚን መኪናዎች የሚከተሉት መንገድ ይህ ሲሆን፣ ፓምፑ በሚገፋው ቤንዚን ራሱ እየቀዘቀዘ፣ ድምፁም እየታፈነ ረዥም ዘመን ያገለግላል። ነገር ግን ታንኩን መብሳት፣ ይልቁንም በውስጡ ቤንዚኑን በፓምፑ ዙሪያ አቅፎ የሚይዝ ግድግዳ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የእንጦጦን ዳገት በምትወጣ መኪና ታንክ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ካርቡሬተር በጽዋው ባስቀመጠው ስንቅ ሳይሰማው ሲያልፍ፣ ኢንጀክሽን ግን ስንቅ የሌለው በመሆኑ ፓምፑ አየር በዋጠባት ቅጽበት ግፊቱ ወርዶ ሞተሩ ይናጣል። ታንክ መበየድ ካስፈለገም፣ ባዶ የሚመስል ታንክ በእንፋሎት የተሞላ ስለ ሆነ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይንካው።

ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ የድሮው ታንክና የድሮው ፓምፕ ሳይነኩ፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሊትር የምትይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ ይታሰርና፣ አሮጌው ፓምፕ እርሷን ሲሞላ፣ በውስጧ ወይም በአጠገቧ ያለው ብርቱ ፓምፕ ለኢንጀክሽኑ ይገፋል። ታንኩን መቁረጥ ለማይወድ ሰው የተመቸ ነው፤ ሆኖም ማጠራቀሚያዋ ከሞተሩ ሙቀት ካልተከለለችና በውስጧ የሚጠራቀመው እንፋሎት ወደ ታንኩ የሚመለስበት ቱቦ ካልተሠራላት፣ በሙቀት ጊዜ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ተረት 3፦ «ኤሌክትሪክ ያለበትን ፓምፕ ቤንዚን ውስጥ ማጥለቅ እሳት መጥራት ነው።»

እውነታ፦ ፈሳሽ ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ እንፋሎቱም ቢሆን የሚቀጣጠለው ከአየር ጋራ ያለው ድርሻ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 ገደማ በሚሆንበት ጠባብ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። በቤንዚን የተዋጠ ፓምፕ አየር ስለማያገኝ የሚያቀጣጥለው ነገር የለውም፤ ይልቅስ የሚጎዳው ታንኩ ዘወትር ወደ ባዶነት ተጠግቶ ሲነዳ ነው፤ ያን ጊዜ ማቀዝቀዣው ስለሚጎድልበት ዕድሜው ያጥራል። የእሳቱ አደጋ ያለው ከታንኩ ውጭ፣ አየርና ትኩስ ብረት በሚገኙበት ስፍራ ነው፤ ይህም ወደሚቀጥለው ተረት ያደርሰናል።

ተረት 4፦ «ቱቦው ገና ደኅና ነው፤ የድሮው ይበቃል።»

እውነታ፦ ከካርቡሬተር ቱቦ የምትንጠባጠብ ጠብታ፣ በ4 ባር ግፊት ጊዜ በትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ የምትረጭ ጉም ትሆናለች። ስለዚህ ለኢንጀክሽን ግፊት ተብሎ የተሠራ ቱቦና ላስቲኩን ሳይቈርጥ ዙሪያውን እኩል የሚጨብጥ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ በመኪናዋ ሰውነት ሥር የሚያልፈው አሮጌ የብረት ቧንቧም ዝገቱ ሳይመረመር አይታመንም። ከፓምፑ በፊት ሻካራ ፊልትሮ፣ ከፓምፑ በኋላ ደግሞ 10 ማይክሮን ያህል የሚያጠራ ረቂቅ ፊልትሮ ይግባ፤ የአሮጌ ታንክ ዝገት ካርቡሬተርን ቢያስቸግር ተፈትቶ ይጠረጋል፣ የኢንጀክተርን ቀዳዳ ግን ይደፍናል። የመመለሻውም መንገድ ሊታሰብ ይገባል፤ ፓምፑ ዘወትር ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ስለሚገፋ፣ ትርፉ በግፊት መቈጣጠሪያው በኩል ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ የመመለሻው ቧንቧ እጅግ ከጠበበ ግፊቱ ከታሰበው ልክ ያልፋል። መቈጣጠሪያውን በታንኩ አጠገብ አስሮ ወደ ሞተሩ አንድ መሥመር ብቻ መዘርጋትም ይቻላል። ከሁሉ በላይ፣ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑ በራሱ እንዲቆም የኢንጀክሽኑ ኮምፒዩተር በሪሌ በኩል ይዘዘው፤ በግጭት ጊዜ ቱቦው ቢበጠስ፣ ሳያቋርጥ የሚገፋ ፓምፕ እሳቱን ይመግበዋልና።

ተረት 5፦ «ኢንጀክሽን ሲገባ ከፍታ የቀማን ጉልበት ይመለሳል።»

እውነታ፦ አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ ይቃጠል ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት በሚገባ ስለማያውቅ፣ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየሰጠ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። መካኒኩ ለአዲስ አበባ ቢያስተካክለውም፣ ለአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ ለሌላው እንደሚጠብ ልብስ፣ መኪናዋ ወደ አዋሽ በወረደች ጊዜ ቤንዚኑ ያንሳል። ኢንጀክሽን የአየሩን ግፊትና ሙቀት እየለካ መጠኑን በየጊዜው ያርማል፤ የብርድ አነሣሥን ያቀልላል፣ ብክነትንም ይቀንሳል። ነገር ግን የሌለ አየር አይፈጥርም፤ የሳሳው አየር የነሣውን ጉልበት የሚመልስ አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ወይም መሰሉ ብቻ ነው።

ተረት 6፦ «ኮምፒዩተሩ ራሱን ስለሚያስተምር የታመመ ሞተር ያድናል።»

እውነታ፦ ኮምፒዩተሩ የሚማረው በጭስ ማውጫው ላይ ከታሰረው የኦክስጅን ጠቋሚ ነው፤ ይህም ጠቋሚ የሚያውቀው የተረፈውን ኦክስጅን እንጂ የተረፈበትን ምክንያት አይደለም። ከጠቋሚው በፊት የጭስ ማውጫው ቢሰነጠቅ፣ ወይም አንዱ ካንዴላ ሳይለኩስ ቢቀር፣ ያልተቃጠለው ኦክስጅን «ቤንዚን አንሷል» የሚል ሐሰተኛ ምስክርነት ይሰጥና፣ ኮምፒዩተሩ በጠገበው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ የሲሊንደሮቹ ጭመቃ፣ የካንዴላው እሳት፣ የቫልቩ ልክ፣ የዲናሞው ኃይል አስቀድመው ይመርመሩ።

እንግዲህ ገንዘቡን የሚመድብ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርገው፦ በመጀመሪያ ሞተሩን ጤነኛ ማድረግ፣ ቀጥሎ ታንኩን፣ ፓምፑን፣ ቱቦውንና የመመለሻውን መንገድ ማሰናዳት፣ በመጨረሻም ኢንጀክሽኑን መግዛት። ገንዘቡ ለሦስተኛው በቅቶ ለሁለተኛው የማይበቃ ከሆነ ግን፣ በመንገድ ዳር በካቻቪቴ ሊታረም የሚችለውን ካርቡሬተር ለሚኖርበት ከፍታ አስተካክሎ መንዳት፣ በተጠራጠሩት ቱቦ ላይ 4 ባር ከመጫን እጅግ ይሻላል።