ሰሌዳው ባዶ፣ ጨዋታው ሙሉ

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ጠጠር የለም። በየፊታቸው ባለው የኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየው ባዶ የቼዝ ሰሌዳ ብቻ ነው። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ሌላው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል። ከቆይታ በኋላ አንደኛው ማውሱን አንቀሳቅሶ ከአንድ ባዶ ቤት ወደ ሌላ ባዶ ቤት ያመለክታል። በስክሪኑ ላይ የጠጠር ለውጥ አይታይም። ተጋጣሚው ግን በወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ አደጋ መጥቶበታልና። ጠጠሮቹ በሙሉ የሚታዩት ተመልካች ደግሞ ምን እንደ ተፈጠረ ገና አልገባውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ጭፍን ቼዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011፣ በአብዛኛው በሞናኮ ይካሄድ በነበረው “አምበር” የተባለ ውድድር እንደ ክራምኒክ፣ አናንድና ኢቫንቹክ ያሉ የዓለም ቁንጮዎች በዚህ መልክ ተጋጥመዋል። ለመሆኑ የማያየው ተጫዋች የሚያየውን ተመልካች እንዴት ሊቀድመው ቻለ? በዚህ ጽሑፋችን ጥያቄውን እንመረምራለን።

ሥዕል ወይስ ዝምድና?

ጭፍን ቼዝ ጥንትም ያስደንቅ፣ ያስፈራም ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ እ.ኤ.አ. በ1782 ለዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ለፊሊዶር በጻፈው ደብዳቤ፣ ለከንቱ ዝና ብሎ አእምሮውን አደጋ ላይ እንዳይጥል አስጠንቅቆት ነበር። ፍርሃቱ የመነጨው ተጫዋቹ ሰሌዳውን በሙሉ እንደ ፎቶግራፍ ተሸክሞ ይዞራል ከሚል ግምት ይመስላል።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው ጥናት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከተጫዋቾቹ አንዱ በአእምሮው ያለውን እንዲስል ሲጠየቅ፣ የሳለው የጠጠሮቹን መልክ ሳይሆን የእንቅስቃሴያቸውን መስመሮች ነበር። ፊዚክስ ለሚማር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የማግኔትን ጠባይ የምናውቀው በብረቱ ቀለም ሳይሆን በዙሪያው በዘረጋው መስክ ነው። ለታላቅ ተጫዋችም ንግሥት ማለት በሰሌዳው ላይ የተዘረጋ ኃይል እንጂ የተጠረበ እንጨት አይደለችም። ተመልካቹ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ሲከተል፣ ተጫዋቾቹ የሚነጋገሩት በመስመሮቹ ነው። ጨዋታው ለመከታተል የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው።

እስቲ እንሞክረው

አንባቢያችን ይህን ያለ ሰሌዳ ሊሞክር ይችላል። 64ቱን ቤቶች ከግራ ወደ ቀኝ በዓምድ፣ ከታች ወደ ላይ በረድፍ ከ1 እስከ 8 እንቁጠራቸው። የዓምዱና የረድፉ ድምር ሙሉ ቁጥር ከሆነ፣ ማለትም ለሁለት ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ቤቱ ጥቁር ነው፤ ጎዶሎ ከሆነ ነጭ ነው። 6ኛው ዓምድና 5ኛው ረድፍ የሚገናኙበት ቤት ምን ዓይነት ነው? ድምሩ 11 ነውና ነጭ ነው። ሥዕል አላስፈለገንም።

አሁን ፈረስን ከታችኛው ግራ ጥግ አንስተን ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ እናድርሰው። ቢያንስ ስንት እርምጃ ያስፈልገዋል? የመነሻው ድምር 2፣ የመድረሻው 16 ነው፤ ልዩነቱ 14። ፈረስ በአንድ እርምጃ ድምሩን ቢበዛ በ3 ያሳድጋል፤ ስለዚህ 4 እርምጃ አይበቃውም። በተጨማሪም በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያርፍበት ቤት ቀለም ይለወጣል፤ ሁለቱ ጥጎች ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ስለዚህ የእርምጃዎቹ ብዛት ለሁለት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት፤ 5 ይወድቃል። መልሱ 6 ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ያገኘነው ይህ መልስ እርግጠኛ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉን እንጂ ምስሉን አልተከተልንም።

ሰሌዳን መንሳት፣ ጊዜን መንሳት

ቼይስና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ለአንድ የቼዝ ሊቅና ለጀማሪ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለ5 ሰከንድ አሳዩ። ሊቁ ከጀማሪው እጅግ የበለጠ አስታወሰ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ ለማለት ይቻላል። ሊቁ የያዘው ትርጉምን ኖሯል፤ ትርጉም በሌለበት ትዝታውም እንደ ማንኛችንም ነው።

የአምበር ውድድርም ሳይታሰብ ግሩም ቤተ ሙከራ ሆነ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች አንዱን ጨዋታ በጭፍን፣ ሌላውን ሰሌዳ እያዩ በፈጣን ሰዓት ይጫወቱ ነበር። ክሪስቶፈር ሻብሪና ኤሊዮት ኸርስት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በጭፍንና በፈጣኑ ጨዋታ መካከል የጎላ የስሕተት ልዩነት አላገኙም። በፈጣኑ ጨዋታ የታየው ስሕተት ግን ረጅም ሰዓት ከሚሰጠው መደበኛ ጨዋታ በግልጽ በልጦ ተገኘ። ለእነዚህ ሰዎች ሰሌዳን ከመንሳት ይልቅ ጊዜን መንሳት ይጎዳል ማለት ነው።

ዓይንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቦን ከተማ ከኮምፒውተር ጋር ሲጫወት፣ ሰሌዳው ፊቱ ተዘርግቶ በአንድ እርምጃ የሚፈጸምበትን ማት ሳያይ ቀርቷል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለቼዝ ፍቅር ብቻ አይደለም። በየፈተናው በምናርማቸው ወረቀቶች ላይ ቀመሩን ነጥብ ሳያዛንፍ ጽፎ፣ ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ ግን መንገዱ የሚጠፋበት ተማሪ እናገኛለን። ትጋት አልጎደለውም፤ ሌሊቱን ሲያጠና አድሯል። በአእምሮው ያሉት ቀመሮች ግን እንደ ተበተኑት ጠጠሮች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አልተሳሰረም። እንዲህ ያለውን ተማሪ “የማስታወስ ችሎታ የለህም” ማለት ስሕተት ነው፤ የጎደለው ማስተሳሰር ነውና። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ ቀመሩን በሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ከየት እንደ መጣ ሳናሳይ የምናልፍ እኛ መምህራንም አለንበት።

ስለዚህ፣ ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ከጥናት በኋላ ደብተራችሁን ዘግታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቀመሩ ከየትኛው ሕግ እንደ ወጣ፣ አንዱ መጠን ሲያድግ ሌላው ምን እንደሚሆን ራሳችሁን ጠይቁ። ገጹ ከፊታችሁ ተነሥቶም ነገሩ ከታያችሁ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ አውቃችሁታል።