የሴቶች ክብር በሥዕል ብቻ እንዳይቀር

አባቶች ያቆዩት ምሳሌያዊ ንግግር ብዙ ጥበብ ያለበት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የቆየ ሁሉ እውነት፥ የተለመደም ሁሉ ትክክል ሊሆን አይችልም። ከነዚህ ንግግሮች አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ነው። ይህ ቃል በሸንጎም፥ በሠርግ ቤትም፥ በማኅበርም ሲነገር የሚስቅ ብዙ ነው፤ የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው። በስሜንና በጎንደር ያሉት አብያተ ክርስቲያናት፥ ግንቦችና የብራና መጻሕፍት ቢመረመሩ ይህን ንግግር የሚያፈርስ ምስክር ይገኝባቸዋል።

ምስክሩን ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በስሜን ደጋ፥ መካነ ብርሃን ዋና ከተማው በሆነችለት በጃናሞራ ወረዳ፥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። በየካቲት ወር 1847 ዓመተ ምሕረት ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል አድርገው፥ በዚችው ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ካህን በአገሩ አይገኝም። ከዚሁ ቤት የወጡትን ሴቶች ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ አባታቸው ከተማረኩ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ሆኑ። እኒህ ሴት መጽሐፍ የተማሩ ነበሩ። አንድ ቀን ዳዊት ሲደግሙ ንጉሡ ቢገቡ፥ ከእርስዎ ከሚበልጠው ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው ብለው ከጸሎታቸው ቀና ሳይሉ ቀሩ እየተባለ ይነገራል። በሚያዝያ 1860 ዓመተ ምሕረት መቅደላ ከወደቀ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር በትግራይ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። የ7 ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ባሕር ተሻግሮ ተወሰደ፤ በ1872 ዓመተ ምሕረትም በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ።

የደጃዝማች ውቤ ወንድም የራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ግእዝና አማርኛ ያነቡ፥ በገና ይደረድሩ፥ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ዕውቀታቸው ለአገር የጠቀመው በውጫሌ ውል ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1881 ዓመተ ምሕረት የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትነጋገር በኢጣልያ አማካይነት ለመነጋገር ትችላለች ሲል፥ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ይህን ግዴታ አደረገው። በአንድ ቃል ልዩነት የአገር ነጻነት ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ እቴጌዪቱ በምክር ጸንተው ተቃወሙ። በጥር 1888 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያ ጦር በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ሲከበብ፥ የጠላትን የውኃ ምንጭ ለማስያዝ የመከሩና ያስፈጸሙ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሠዓልያን የዐድዋን ጦርነት ሲሥሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እቴጌዪቱንም በፈረስ ላይ አድርገው ይሥላሉ። ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ ያን ጊዜ በወንድ ብቻ እንዳላለቀ ይረዳል።

ከስሜን ደጋ ወደ ጎንደር ሲወረድ ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ይታያል። በቋራ የተወለዱት እኒህ እቴጌ ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለ ነበሩ፥ በታኅሣሥ 1723 ዓመተ ምሕረት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር አስተዳደሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። በፋሲል ግቢ ግንብ፥ በደብረ ፀሐይ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት፥ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በናርጋ ግድግዳ ላይ ሠዓሊው እቴጌዪቱን ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ሲለምኑ ሥሏቸዋል። በ1762 ዓመተ ምሕረት ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በቁስቋም ተቀብለው ያስተናገዱትን የእኒህን እቴጌ ነገር በመጽሐፉ ጽፎ ለዓለም አሳወቀ። በ1880 ዓመተ ምሕረት ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ ቅርስ ጠፋ፤ ሆኖም የቀረው ፍርስራሽ እንኳ ስማቸውን ይናገራል።

ካህናት በኅዳር 17 ቀን የሚያስቧት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስም ከዚሁ ታሪክ አትለይም። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ እርስዋ ባሏንና ሀብቷን ትታ መነነች፤ በንጉሡ ፊት ብትቆምም በግዞት ብትጣልም ከሃይማኖቷ አልተናወጠችም። በጣና ዙሪያም መነኮሳትንና መነኮሳይያትን ሰብስባ መራች። በ1635 ዓመተ ምሕረት ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ያን መጽሐፍ ዛሬ በሌላ ዓለም ያሉ ሊቃውንት ወደየቋንቋቸው ተርጕመው ይመረምሩታል።

የቅኔን ነገር ለሚያነሣም መልስ አለ። ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ አስተምረዋል። ከተከዜ ማዶ በዋግ ደግሞ ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ቀን ጀምረው የሻደይን ቅጠል በወገባቸው አስረው ያዜማሉ፤ ዜማውንም ግጥሙንም ከእናቶቻቸው ይማራሉ። የሕዝብ ግጥም ከጽሕፈት በፊት በሴቶች አፍ ተጠብቆ ኖሯል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምስክር ሳለ፥ በደጋው አገር ያለች ልጅ ውኃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ ከብትም ጠብቃ ስታበቃ ዕድሜዋ ሳይደርስ ለባል ትሰጣለች፤ ደብተሯም ተዘግቶ ይቀራል። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከልክሏል፤ በ1997 ዓመተ ምሕረት ሥራ ላይ የዋለውም የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚፈጽመውን ይቀጣል። ሆኖም የልደት መዝገብ በሌለበት ቦታ የልጅቱን ዕድሜ የሚናገረው ሊድራት የተነሣው አባቷ ነው፤ ሕጉም በወረቀት ላይ ይቀራል።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ ይልቅ ሥልጣን ያላቸው ሁለት ወገኖች ናቸው። የመንግሥት ሹም የልጆችን ልደት በጊዜው ቢያስመዘግብ፥ ከትምህርት ቤት የቀረችውንም ልጅ ወዴት ሄደች ብሎ ቢጠይቅ ሕጉ ነፍስ ይዘራል። የንስሐ አባት ደግሞ የቤቱን ምሥጢር ከሹም አስቀድሞ ያውቃል፤ እርሱ አይሆንም ያለው ሠርግ በቀላሉ አይደገስም። ዲያቆኑ ከክህነቱ በፊት ድንግል እንዲያገባ ሥርዓት ቢያዝም፥ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ድንግልና ነው፤ ሕፃንነትን አይጠይቅም። ይህን ለምእመናን አስረድቶ ማስተማር ለካህን እንጂ ለፖሊስ የተሰጠ ሥራ አይደለም።

በናርጋ ግድግዳ የእቴጌ ምንትዋብን ሥዕል እየጠበቁ፥ በኅዳር 17 ቀን ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እያነበቡ፥ በቤት ያለችውን ልጅ ከፊደል ማራቅ ሥዕሉንም መጽሐፉንም እንዳላዩ መሆን ነው። የጎንደርዋ እቴጌ ብርሃን ሞገሳ ተብለው ነገሡ፤ የስሜንዋም ከተማ መካነ ብርሃን ተብላ ተጠራች። ስሟ እውነት የሚሆነው ሴት ልጆቿ ከወንድሞቻቸው እኩል መጽሐፍ ገልጠው ሲያነቡባት ነው።