ባዩ ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የምናውቀው ተማሪ ፊቱ ላይ ኀዘን እየታየ ወደ ቤታችን መጣ። ይህ ልጅ ያደገው በአክስቱ እጅ ነው። አክስቱም ከብዙ ዓመት ጀምሮ የስኳር በሽታ ስላለባቸው፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ሲወስዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ታዲያ ልጁ አንድ ምሽት በስልኩ ኢንተርኔት ሲመለከት፣ የስኳርን በሽታ በ40 ቀን ከሥሩ ይነቅላል የተባለ የቅጠል ዱቄት የሚያስተዋውቅ አንድ ድረ ገጽ ያገኛል። በገጹ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ፎቶግራፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ስምና በቁጥር የተደረደረ ማስረጃ ነበረበት። ልጁ ሰነፍ አይደለምና አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ አልተወውም፤ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ባነበበ ቁጥርም እምነቱ እየጠና ሄደ። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ የሐኪሙን ኪኒን ይተዉትና ይኸን ይሞክሩ» አላቸው። እሳቸውም፣ «የተማርኸው አንተ ነህ ልጄ፤ አንተ ካልኸው እኔ ምን ዐውቃለሁ» ብለው ተስማሙ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን ስተው ወደቁና ሆስፒታል ገቡ።

ደግነቱ ተርፈዋል። ልጁ ይህን ሲያጫውተን ልባችንን የነካው ጥፋቱን ለመሸፋፈን አለመሞከሩ ነው። ያለን ቃል ይህ ነበር፤ «ሳላነብ የተሳሳትሁ ብሆን ራሴን እወቅስ ነበር። እኔ ግን አንብቤአለሁ፤ ደጋግሜም አንብቤአለሁ። ታዲያ ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?» ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣቶች ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው የዛሬውን ጽሑፋችንን ለዚሁ አውለነዋል።

ከልጁ ጋር ተቀምጠን ያንኑ ገጽ ከፈትነው። ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ አላነበብንም። የባለ ገጹን ስም ወስደን በሌላ መስኮት ብንፈልገው፣ ዱቄቱን እያሸገ የሚሸጠውና ገጹን ያዘጋጀው አንድ ነጋዴ መሆኑ ታወቀ። ቀጥለን የሐኪሙን ፎቶግራፍ በምስል መፈለጊያው ብናስፈልገው፣ ያው ሰው በሌላ ገጽ ላይ፣ በሌላ ስም፣ የጥርስ ሳሙና ሲያስተዋውቅ አገኘነው። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እንግዲህ የልጁ ጥፋት አለማንበቡ አልነበረም። ጥፋቱ የጽሑፉን እውነተኛነት ከዚያው ከጽሑፉ ውስጥ መፈለጉ ነበር። ሻጭ ስለ ዕቃው ሲናገር ሦስት ጊዜ ቢሰሙት ምስክሩ ሦስት አይሆንም።

ይህ ስሕተት የልጆች ወይም የአገራችን ሰዎች ብቻ እንዳይመስለን። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሳም ዋይንበርግ ከባልደረባቸው ከሣራ ማክግሩ ጋር አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ለጥናቱ የቀረቡት 45 ሰዎች ናቸው። ከነዚህም 10ሩ በታሪክ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ያላቸው ሊቃውንት፣ 25ቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቀሩት 10 ደግሞ የወሬን እውነትና ሐሰት መመርመር ሙያቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። ከተሰጧቸው ፈተናዎች አንዱ፣ የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ድረ ገጽ አይተው የትኛው ይበልጥ እንደሚታመን መለየት ነበር። አንደኛው ማኅበር በዚያው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1930 የተቋቋመና ከ60 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ነው። ሁለተኛው በ2002 በአንድ ማኅበራዊ ጉዳይ ላይ አቋማቸው ስለ ተለየ ከፊተኛው ወጥተው በሄዱ ሐኪሞች የተመሠረተ፣ አባላቱም በመቶ የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ስማቸው ይመሳሰላል፤ የሁለቱም ገጽ ያማረና የተሰናዳ ነው።

ከተማሪዎቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ትንሹን ማኅበር ይበልጥ የሚታመን ነው ብለው ፈረዱ። ከታሪክ ሊቃውንቱም መካከል መለየት የቸገራቸው ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ያደረጉት የኛ ተማሪ ያደረገውን ነው፤ በገጹ ላይ ተቀምጠው ከላይ ወደ ታች አነበቡ፤ የሥዕሉን ማማር፣ የስሙን ክብደት፣ የማስረጃውን ብዛት ተመለከቱ። ወሬ መርማሪዎቹ ግን ገጹን ገና እንዳዩት ትተውት ወጡ። ሌሎች መስኮቶች ከፍተው፣ ይህ ማኅበር ማን ነው፤ ማን አቋቋመው፤ ሌሎች ስለ እርሱ ምን ይላሉ እያሉ ጠየቁ። ወደ ገጹ የተመለሱት የባለቤቱን ማንነት ካወቁ በኋላ ነው። አጥኚዎቹ ይህን አነባበብ የጎን ንባብ ብለውታል። ከሁሉ የሚደንቀው፣ ጥቂት ያነበቡት ብዙ ካነበቡት ይልቅ ቶሎና በትክክል መድረሳቸው ነው።

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባውም። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ምስክር ሲቀርብ፣ «በዐይንህ አየህ ወይስ ከሰው ሰማህ? ከማን ሰማህ? ከተሟጋቹ ጋር ዝምድና ወይም ቂም አለህ ወይ?» እየተባለ ይጠየቅ ነበር። የምስክሩ አለባበስና የአንደበቱ መጣፈጥ ለነገሩ እውነተኛነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን ይህን ጥበብ በችሎት ትተነው መጣንና ስልካችንን በከፈትን ጊዜ የመጣውን ምስክር ሁሉ ያለ ጥያቄ እናስተናግዳለን።

ስለዚህ አንድ ወጣት በኢንተርኔት ያገኘውን ነገር ከማመኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም መልካም ነው። መጀመሪያ፣ ባዩ ማን ነው? ነገሩ በመታመኑስ የሚጠቀመው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ማስረጃው ምንድር ነው? ሦስተኛ፣ በዚሁ ጉዳይ ሌሎች ምን ይላሉ? ደግሞም የፍለጋው ውጤት ሲመጣ የመጀመሪያውን መስመር ለመክፈት አይቸኩል። በገንዘብ የተገዛ ማስታወቂያ ከሁሉ በላይ ሊቀመጥ ይችላልና፣ ዝርዝሩን በሙሉ ቃኝቶ የትኛው ከማን እንደ መጣ ለይቶ ይክፈት። ይህን አለመልመድ ምን እንደሚያስከትል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2016 ባወጡት ሌላ ጥናት ታይቷል። ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ከመቶው ከ80 የሚበልጡት፣ ገንዘብ የተከፈለበት መሆኑ በግልጽ የተጻፈበትን ማስታወቂያ እንደ እውነተኛ ዜና ቆጥረውት ነበር።

በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ፊደላችን ድምፃቸው የተመሳሰለ ልዩ ልዩ ሆሄያት ስላሉት፣ አንዱ «ዓድዋ»፣ ሌላው «አድዋ»፣ ሦስተኛው «ዐድዋ» ብሎ ይጽፋል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ተማሪ በሌላው የተጻፈው ሊያመልጠው ስለሚችል፣ «አላገኘሁም» ከማለቱ በፊት ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክር። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ዓድዋ አንዱ ገጽ በ1888፣ ሌላው በ1896 ሆነ ቢል፣ ያልተረዳ ተማሪ አንዱን ሐሰተኛ ያደርጋል። ሁለቱም ግን ልክ ናቸው፤ ፊተኛው በኛ፣ ኋለኛው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። የሚያሳዝነው ቁጥሩን ሳያስተውል ገልብጦ፣ ጦርነቱ በ1896 ዓ.ም. ሆነ ብሎ ጽፎ ለመምህሩ የሚያቀርበው ነው።

ለወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም የምንለው አለን። «አዲስ አዋጅ ወጥቷል» የሚል ወሬ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲመጣለት፣ ያን ወሬ ይዞ ለአለቃው ማስታወሻ መጻፍ አይገባውም። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተብሎ፣ የአገሪቱ ሕግ የሚታወጅበት ወረቀት ነው። አዋጁ ቁጥርና ቀን አለው፤ አንቀጹም ተለይቶ ይታወቃል። ወሬው ቁጥሩን የማይናገር የሆነ እንደ ሆነ ይጠራጠር፤ የሚናገርም እንደ ሆነ ሄዶ አዋጁን ራሱን ይመልከት። በሠራተኛው ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ የአንድ ባለጉዳይ መብት ሊከበር ወይም ሊጠፋ ይችላልና፣ ይህ ትንሽ ድካም አይደለም ተብሎ የሚተው አይደለም።

ከ2022 የአውሮጳ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ቻት ጂፒቲንና እርሱን የመሰሉ መሣሪያዎች የጠየቋቸውን ሁሉ በተስተካከለ ቋንቋ ይመልሳሉ። መልሳቸው ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሌለውን መጽሐፍ እንዳለ አድርገው የሚጠቅሱበት ጊዜ አለ። በ2023 በኒው ዮርክ ጠበቆች ይህ መሣሪያ የፈጠረላቸውን፣ ከቶ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡና 5 ሺህ ዶላር ተቀጡ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ከጠበቆቹ አንዱ፣ ውሳኔው እውነተኛ ነው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዳሩ ግን የጠየቀው ያንኑ መሣሪያ ነው፤ እርሱም አዎን አለው። ይህና የኛ ተማሪ ያን ገጽ ሦስት ጊዜ ማንበቡ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎች ማስተማር ይቻላል ወይ? የሚል ሊኖር ይችላል። ይቻላል። በ2022 በወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ 499 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን እያንዳንዱ 50 ደቂቃ የሆነ ስድስት ትምህርት ብቻ ስለ ጎን ንባብ ተሰጠው። ይህን የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ የገጾችን ታማኝነት በመለየት ብልጫ አሳይተዋል። ስድስት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለማንም ትምህርት ቤት የሚከብድ አይደለም። ኮምፒዩተር የጎደለው መምህር እንኳ በአንድ ስልክ ሊጀምር ይችላል። ሁለት ገጾች መርጦ፣ ባዩ ማን እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ፊት እየፈለገ ያሳያቸው፤ ከዚያም የቤት ሥራ ሲሰጥ፣ «ያገኛችሁትን ጻፉ» ብቻ ሳይሆን፣ «ከማን አገኛችሁት? ያንንስ ሰው ለምን አመናችሁት?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህም ጥያቄ ማርክ ይስጥበት። ማርክ የሌለበትን ነገር ተማሪ እንደማይደክምበት እኛም ተማሪዎች ሳለን እናውቀዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ይህን ስንል ወጣቱ ምንም አይመን ማለታችን አይደለም። ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ፣ ሁለቱም ከመመርመር ድካም የሸሹ ናቸው። ሁሉን የካደ ሰው የቅጠል ዱቄቱን ቢያመልጥ እንኳ የሐኪሙን መድኃኒት ደግሞ አይቀበልም። የተፈለገው የሚታመነውን ከማይታመነው ለይቶ፣ ለሚገባው እምነትን መስጠት ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የተባለውም ጥያቄው ወደ መልስ ሲያደርስ ነው።

ያ ተማሪ ባለፈው እሑድ ተመልሶ መጥቶ ነበር። አክስቱ ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ የሐኪማቸውንም መድኃኒት እንደ ቀድሞው ይወስዳሉ። አሁንም ግን የተማረው ልጃቸው እርሱ ነውና፣ ጎረቤት አንድ ነገር ሰምታ በመጣች ቁጥር፣ «እስቲ በስልክህ እይልኝ» ማለታቸውን አልተዉም። እርሱም ስልኩን ከማውጣቱ በፊት፣ «እትዬ፣ ይህን ያለው ማን ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም ጥያቄውን ለመዱትና አሁን ለጎረቤታቸው ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር አለን። ትምህርት ማለት እንዲህ ከተማሪው አልፎ ወደ ቤተሰቡና ወደ ጎረቤቱ የሚደርስ ሲሆን ነው።