ቂም ይዞ ጸሎት

ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን «አባታችን ሆይ» ብለው እንዲጸልዩ ካስተማራቸው በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ርእስ አላለፈም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ እንደምናገኘው፣ ከጸሎቱ ልመናዎች አንዱን ብቻ መልሶ አንሥቶ አብራራው። ስለ ዕለት እንጀራ የጨመረው የለም፤ ስለ ፈተናም የጨመረው የለም። መልሶ ያነሣው የይቅርታውን ጉዳይ ነው፤ ሰውን ይቅር የማይል እርሱም ከሰማያዊ አባቱ ይቅርታ እንደማያገኝ ነገራቸው። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ጴንጤውም በሚያውቀው ጸሎት ውስጥ እንዲህ ያለ ከባድ ውል አለ።

ጴጥሮስ ነገሩ የከበደው ይመስላል። የበደለውን ወንድሙን እስከ ስንት ጊዜ ይቅር ሊለው እንደሚገባ ጠየቀ፤ ሰባት ጊዜ ይበቃ እንደሆነም አከለበት። የተሰጠው መልስ ሰባ ጊዜ ሰባት የሚል ነበር፤ ቆጠራውን ተው እንደማለት ነው። ከዚያም የሁለት ባለዕዳዎች ምሳሌ ተከተለ። የመጀመሪያው የጌታው 10,000 መክሊት አለበት። በዘመኑ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ሲሆን አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይደርስ ነበር። ዕዳው የ60 ሚሊዮን ቀን ድካም ነው ማለት ነው፤ በልጅ በልጅ ልጅም ተከፍሎ አያልቅም። ጌታው አዘነለትና ሁሉንም ተወለት። ሰውየው ግን ከዚያ እንደወጣ 100 ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አንገቱን አንቆ ወህኒ አስገባው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪዎች የሚያልፉት ነገር አለ። 100 ዲናር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ የሚሆን የቀን ሠራተኛ ምንዳ ነው። ምሳሌው ለተበዳይ «ምንም አልሆንክም» አይለውም። የተወሰደበት እውነተኛ ገንዘብ ነው፣ የደረሰበትም እውነተኛ ጉዳት ነው። የሚጠየቀው የራሱን 60 ሚሊዮን እንዲያስታውስ ነው።

የአገራችን አማኝ ይህን በራሱ ቋንቋ ሲናገር ኖሯል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት ማንም የሚያውቀው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቅዳሴ ውስጥም ምእመናን ከመቍረባቸው በፊት እርስ በርሳቸው በሰላምታ እጅ እንዲነሣሡ ዲያቆኑ ያዛል። ሊቆርብ የፈለገ ሰው የንስሐ አባቱ ዘንድ ሲሄድ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የተጣላው ሰው እንዳለ ነው። ካለ፣ «መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ» ይባላል። ይህም ከተራራው ስብከት የመጣ ትእዛዝ ነው፤ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ወደ ወንድሙ የሚሄደው ሰው ነገር ነው።

ይህ ትምህርት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ካሳዩ የዘመናችን ታሪኮች አንዱ የሆነው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2006፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኒክል ማይንስ በምትባል የገጠር መንደር አንድ የ32 ዓመት ሰው መሣሪያ ይዞ ባለ አንድ ክፍል የአሚሽ ትምህርት ቤት ገባ። በአካባቢው የታወቀ የወተት ቦቴ ሾፌር ነበር፤ ከእነዚያው ገበሬዎች ከአንዳንዶቹ በረት ወተት የሚጭን። ወንዶቹን ልጆችና አዋቂዎቹን አስወጥቶ አሥር ሴት ልጆችን አስቀረ። ከስድስት እስከ 13 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። አሥሩንም ተኮሰባቸው፤ አምስቱ ሞቱ። ከዚያም ራሱን ገደለ። ቤት ትቶት በሄደው ጽሑፍ፣ ከዓመታት በፊት እንደተወለደች በሞተችበት ልጁ ምክንያት በእግዚአብሔር ላይ ቂም መያዙን ገልጿል።

አሚሾች መኪና የማይነዱ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ ጦር መሣሪያ በሰው ላይ ማንሣትን በእምነታቸው የከለከሉ ክርስቲያኖች ናቸው። በዚያው ዕለት፣ የልጆቹ አስከሬን ገና ሳይቀበር፣ አሚሽ ጎረቤቶች ወደ ገዳዩ ሚስትና ወላጆች ቤት ሄደው እንዳልቀየሟቸው ነገሯቸው። ቅዳሜ ሰውየው ሲቀበር ለቀስተኛው ጥቂት ነበር፤ ከመጣው ግማሽ ያህሉ አሚሽ ነበር፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆችም በመካከሉ ነበሩ። ከየአገሩ የእርዳታ ገንዘብ ሲጎርፍ ከዚያ ላይ ለገዳዩ መበለትና ለልጆቿም እንዲሰጥ አደረጉ። መበለቲቱ ኋላ በግልጽ ደብዳቤ አመስግናቸዋለች።

ዓለም ተደነቀ፤ የተጠራጠረም ነበር። በአንድ ቀን እንዲህ ያለ በደል ይረሳል ወይ? ነገሩን በቅርብ ያጠኑት ዶናልድ ክሬይቢልና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የተረሳ ነገር አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን የተነገረው ይቅርታ ውሳኔ ነበር፤ ቁጣውና ሐዘኑ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚታገሉት ሆነ። እንደ ሥራ ነው የያዙት። ለዚህም የተዘጋጁት ያን ቀን አልነበረም። በየዕለቱ አባታችን ሆይን ይደግማሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚቆርቡበት ቀን በፊት ተሰብስበው የተጣላ ይታረቃል፣ ካልታረቁ ቁርባኑ ይዘገያል። ለልጆቻቸው የሚነግሩት የዲርክ ቪለምስ ታሪክም አለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1569 በሆላንድ በእምነቱ ምክንያት ሲሳደድ በበረዶ በተሸፈነ ውኃ ላይ አልፎ አመለጠ፤ አሳዳጁ ግን በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ዲርክ ተመልሶ ጎትቶ አወጣው። በዚያው ተይዞ በእሳት ተቃጠለ። እንዲህ ያለ ታሪክ እየሰማ ያደገ ሕዝብ ነው ያን ሰኞ ማታ የገዳዩን ደጅ ያንኳኳው።

የይቅርታው ፍሬ ከሁሉ በላይ የታየው በገዳዩ እናት ላይ ነው። ከጥቃቱ ከተረፉት ልጆች አንዷ ጭንቅላቷን ተመትታ መናገርም መራመድም አቅቷት ነበር። እኚህ እናት ለዓመታት በየሳምንቱ ወደዚያች ልጅ ቤት እየሄዱ ያጥቧት፣ መጽሐፍ ያነቡላት፣ ይዘምሩላት ነበር። የልጅቷ ወላጆች በራቸውን ባይከፍቱ ይህ አይሆንም ነበር።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ቅርብ የሆነው ትዝታ የ2010 ዓ.ም. ዕርቅ ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ተሰደዱ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም የአገር ቤትና የስደት ሲኖዶስ ተብላ ተከፈለች፣ ውግዘትም ተከተለ። በአሜሪካ ከተሞች «የአገር ቤቱ»፣ «የስደተኛው»፣ «ገለልተኛው» የሚባሉ አጥቢያዎች ተፈጠሩ፤ አብረው ያደጉ ሰዎች በተለያየ ደብር አስቀደሱ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን አባቶች ታረቁ፤ ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስና የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ሁለቱም በፓትርያርክነታቸው እንዲከበሩ ተስማሙ። ሐምሌ 25 ቀን አቡነ መርቆሬዎስ አዲስ አበባ ገቡ፤ በ2014 ዓ.ም. ያረፉትም በአገራቸው ነው። ሩብ ምዕት ዓመት ያለፈው ቂም ማን ትክክል እንደነበረ ተጣርቶ አላለቀም። ያለቀው ሁለቱም ወገን ያን ክርክር ለመተው ሲስማማ ነው።

ሁሉም በደል ግን በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ይህን መናገር ግድ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ሲመቱ፣ ከአራት ቀን በኋላ ከሆስፒታል ባስተላለፉት መልእክት የተኮሰባቸውን መሐመት አሊ አግጃን ይቅር ማለታቸውን አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ሮም ባለው ረቢቢያ እስር ቤት ሄደው አጠገቡ ተቀምጠው አነጋገሩት። ሲወጡ ግን እርሱ እዚያው ቀረ። የጣሊያን መንግሥት ምሕረት ያደረገለት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የጳጳሱ ይቅርታ ዳኛውን አላሰናበተም፤ አግጃም በነፍስ ማጥፋት ሙከራው ተጠያቂ ሆኖ ኖረ።

በእኛ ዘንድ የሚያሳስበው ይህ በይቅርታና በተጠያቂነት መካከል ያለው ልዩነት ሲጠፋ ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ሽማግሌ ተሰብስቦ «ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በይ» ብሎ ወደዚያው ቤት ሲመልሳት፣ በወንጌሉ ቃል ወንጌሉ የማያውቀውን ነገር እያደረገ ነው። የማቴዎስ ምዕራፍ 18 ራሱ ከሰባ ጊዜ ሰባቱ በፊት ሌላ ሥርዓት አስቀምጧል፤ በዳይ በመጀመሪያ ለብቻው ይወቀሳል፣ አልሰማ ካለ ሁለትና ሦስት ምስክር ይቆምበታል፣ ከዚያም ጉባኤው ይሰማል። ተበዳይዋ ልቧን ከቂም ልታነጻ ትችላለች፤ እግሯ ግን ዱላ ወዳለበት ቤት የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሽማግሌውም ይሁን የንስሐ አባቱ እርሷን ይቅር በይ ከማለቱ በፊት ሰውየውን ዱላውን እንዲጥል ሊጠይቀው፣ ቃሉንም መጠበቁን ደጋግሞ ተመላልሶ ሊያይ ይገባዋል። ካልጠበቀም ለፖሊስ ማመልከት ዕርቅን እንደማፍረስ ተቆጥሮ በእርሷ ላይ ሊወቀስ አይገባም።