የመኪና ወንበርን በቤት ማልበስ፦ አሮጌው ልብስ ንድፍ ነው

አሮጌ መኪና ውስጥ ቀድሞ የሚቀደደው ቦታ ይታወቃል፤ የሹፌሩ መቀመጫ ግራ ጠርዝ ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ከተሻገረች ወዲህ መሪው በግራ ነው፤ ሹፌሩ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው በኩል ነው። በቀን አሥር ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ሰው በዓመት ከ3,600 ጊዜ በላይ ክብደቱን በዚያ ጠርዝ ላይ እየጣለ ይንሸራተታል። የሱሪው ቁልፍና በኪሱ የያዘው ሁሉ ጨርቁን ይፍቀዋል። ፀሐዩም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጨረሩ ይበረታል፤ የበሩ መስታወትም ሁሉንም አያስቀረውም። ቀለሙ ይነጣል፣ ክሩ ይሰባበራል፣ በመጨረሻ ቢጫው ስፖንጅ ብቅ ይላል።

አብዛኞቻችን የምናደርገው ከላይ የሚጠለቅ ልብስ ገዝቶ መሸፈን ነው። ቀዳዳው ከዓይን ይሰወራል፤ ስፖንጁ ግን ከሥር መፍረሱን ይቀጥላል፣ ወገብም መታመሙን አይተውም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ጠብቆ መያዝ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ወንበሩን በትክክል ማልበስ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ በቤት የማይቻል ሥራ አይደለም። ምክንያቱም በጣም ከባዱ ነገር፣ ማለትም ንድፉ፣ አስቀድሞ በእጅዎ ነው። የተቀደደው ልብስ ራሱ ንድፍ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ

የመኪና ወንበር አራት ነገሮች አሉት፦ ከታች የብረት አጽም፣ በላዩ የተዘረጋ ሽቦ ወይም ሞላ፣ ከዚያ በቅርጽ የተጋገረ ስፖንጅ፣ በመጨረሻም ልብሱ። የትኛው እንደተጎዳ ሳያውቁ ጨርቅ አይግዙ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲሉ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ስፖንጁ ወይም ሞላው ተጎድቷል። የብረት ጩኸት ከሰሙ ከሥር በባትሪ መብራት ይመልከቱ። አጽሙ ከተሰነጠቀ ሥራው የእርስዎ አይደለም፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ለብረት ባለሙያ ይስጡት። ልብሱ ደህና ሆኖ ስፌቱ ብቻ ከተተረተረ ደግሞ ወንበሩን ማውጣትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ጠምዛዛ መርፌና ጠንካራ ክር ይበቃል።

ኤርባግ ካለ

በወንበር ጎን ውስጥ የሚቀመጥ ኤርባግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቮልቮ 850 ነው። ስለዚህ እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉት የቀድሞ መኪኖች ይህ ስጋት የለባቸውም። በኋላ የተሠሩት ግን ብዙዎቹ አላቸው። ምልክቱ በመደገፊያው የውጭ ጎን ላይ የተሰፋ ትንሽ ጽሑፍ ወይም ከወንበሩ ሥር የሚታይ ቢጫ የሽቦ መጋጠሚያ ነው።

ኤርባግ ያለበት መደገፊያ የሚሰፋው በዘፈቀደ አይደለም። በጎኑ ያለው ስፌት ኤርባጉ ሲፈነዳ በቅጽበት እንዲተረተር ታስቦ በልዩ ክር የተሰፋ ነው። ያንን ቦታ በጠንካራ ክር ቢሰፉት ኤርባጉ መውጫ ያጣል፤ ከላይ የሚጠለቅ ልብስም መውጫውን ከዘጋው ጉዳቱ ያው ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ወንበር መደገፊያን ለሚያውቅ ባለሙያ ይተዉት፤ መቀመጫውን ብቻ ማልበስ ይችላሉ። ለዚያም ቢሆን ወንበሩን ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በሲስተሙ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ቁልፉን አዙረው መኪናውን አያስነሡ።

ማውጣት

የፊት ወንበር በአብዛኛው በአራት ብሎን ወለሉ ላይ ይታሰራል። በቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የ14 ቁልፍ ይበቃል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው የፊቶቹን ሁለት፣ ወደ ፊት ስበው የኋላዎቹን ሁለት ይፍቱ። የዛገ ብሎን ካለ ዘይት ቀብተው ጥቂት ያቆዩት፤ በጉልበት ከታገሉት ይሰበራል። ወንበሩን ከማንሣትዎ በፊት ከሥሩ የተገናኘ ሽቦ እንዳለ አይተው ያላቅቁ። ሐዲዱ ስለታም ነው፤ የበሩን ቀለም እንዳይቧጭር ጨርቅ ይጠቅልሉበት፤ ሲያወጡትም ሁለት ሰው ቢሆኑ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሁለቱን የፊት ወንበሮች በአንድ ቀን አያፍርሱ። አንዱ እንዳለ ይቀመጥ። መሐል ላይ «ይህ ሽቦ በየት በኩል ነበር?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱ ባልተነካው ወንበር ላይ ይገኛል።

መግፈፍ

በግ ሲገፈፍ ቆዳው እንዳይበሳ ቢላውን ቸኩሎ የሚሰድ የለም። እዚህም እንዲሁ ነው። ወንበሩን ገልብጠው ከሥር ሲያዩ ልብሱ በፕላስቲክ መቆለፊያ ወይም በሽቦ ቀለበት ከአጽሙ ጋር ተያይዟል። መቆለፊያውን በካቻቢቴ ያስለቅቁ፤ ቀለበቶቹን በፒንሳ ይቁረጡ። ጠርዙ ሲለቅ ልብሱ መሐል ላይ አሁንም እንደተያዘ ያገኙታል። በመቀመጫው ላይ የሚታየው ወደ ውስጥ የገባ መስመር የተሠራው እንዲህ ነው፦ ከልብሱ ሥር በተሰፋ ቱቦ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያልፋል፣ ያም ሽቦ በስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ ሌላ ሽቦ ጋር በቀለበት ይታሰራል። እነዚህን ሽቦዎች አይጣሉ። ከየት እንደወጡ ጽፈውባቸው ያስቀምጡ፤ አዲሱ ልብስ ላይ ተመልሰው ይገባሉ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ ያንሡ።

ንድፉን ማውጣት

ልብሱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ወዲያው ምላጭ አያንሡ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቁራጭ በማርከር ቁጥር ይስጡት፤ ወደ ወንበሩ ፊት የሚያመለክት ቀስት ያድርጉበት። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሁለቱን ቁራጮች አቋርጦ የሚያልፍ አጭር መስመር ያስምሩ። ቁራጮቹ ከተለያዩ በኋላ የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚነግርዎ ይህ መስመር ብቻ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ስፌቱ መጨረሻ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይዞ ይቀራል።

ከዚያ ስፌቱን ፈትተው ቁራጮቹን ጠፍጣፋ አድርገው በካርቶን ላይ ይንደፉ፤ መስመሮቹንም ወደ ካርቶኑ ያስተላልፉ። ለዓመታት የተቀመጡበት ጨርቅ እንደሚለጠጥ ያስታውሱ። የተቀደደውን የግራ ጠርዝ እንዳለ ከመቅዳት በቀኝ በኩል ያለውን ጤነኛ አቻ ገልብጦ መንደፍ ይሻላል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱ ጎኖች እኩል ሲሆኑ ነውና አስቀድመው ይለኩ።

ምን ይልበስ?

ጨርቅ አየር ያስተላልፋል፤ ለሞቃት አገር ይመቻል። ግን ለመኪና የተሠራ ጨርቅ ይሁን፤ የመጋረጃ ጨርቅ ፀሐይ ቶሎ ያነጣዋል፣ በእሳትም ቶሎ ይያያዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በመኪና ውስጥ የሚገባ ጨርቅና ስፖንጅ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ ፈጥኖ እንዳይነድ የሚያዝ ደንብ አለ። ሻጩ ስለዚህ ማስረጃ ከሌለው አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ደጅ ላይ በፒንሳ ይዘው ክብሪት ያስነኩ። ከአሮጌው ልብስ ቁራጭ ይልቅ ፈጥና የምትነድ ከሆነ ይተዉት።

በገበያ «ሌዘር» የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ በቀላሉ ይጸዳል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚለጠጥም ጠመዝማዛ ቅርጽ ይቀበላል። በፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ያቃጥላል፤ ድሬዳዋና አፋር ያሉ ሹፌሮች ይህን ያውቁታል። እውነተኛ ቆዳ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይለይ። የባቲ ፍየልና የደጋ በግ ቆዳችን የታወቀ ቢሆንም ስስ ነው፤ ለጫማ፣ ለልብስና ለጓንት ይሆናል። ለወንበር የሚሆነው ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳ ነው።

ስፖንጁን መጠገን

ልብስ ብቻ ቀይሮ የጎደጎደ ስፖንጅ ላይ ማልበስ ከንቱ ድካም ነው፤ አዲሱ ልብስ በወር ውስጥ ይጨማደዳል። የፈረሰውን ክፍል በስለታም ረጅም ቢላ ቀጥ አድርገው ቆርጠው ያውጡ፤ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ስፖንጅ ይተኩ። ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ እዚህ አይሠራም፤ በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ፈጥኖ የሚመለሰውን ይምረጡ። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ቀብተው በእጅ ሲነኩት ጣት ላይ የማይቀር ግን የሚያጣብቅ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ከዚያ አጥብቀው ይጫኑ። ማስቲሽ ሽታው ይጎዳል፣ እሳትም ይስባል፤ ይህን ሥራ ከከሰልና ከምድጃ ርቀው ደጅ ይሥሩት። መጨረሻ ላይ የተጣበቀውን ጠርዝ በቢላ አሰልስለው ከቀድሞው ቅርጽ ጋር ያስተካክሉ።

ስፌት

ካርቶኖቹን በጨርቁ ጀርባ ላይ ደርድረው፣ ቀስቶቹን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው በጠመኔ ይንደፉ። ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ይተዉ። ካርቶኑን የነደፉት የቀድሞው ትርፍ ካለበት ቁራጭ ከሆነ ግን ሌላ አይጨምሩ።

ክሩ የፖሊስተር ወፍራም ክር ይሁን፤ የጥጥ ክር በፀሐይና በላብ ይበሰብሳል። የመርፌው ቁጥር ከ16 እስከ 18፣ የስፌቱ እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። በሌዘር ላይ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀዳዳዎቹ ስለሚቀራረቡ ልክ እንደ ቴምብር ጠርዝ በዚያው መስመር ይቀደዳል። በተመሳሳይ ምክንያት ሌዘርና ቆዳን በስፒል አያያዙ፤ የልብስ መቆንጠጫ ይጠቀሙ። ስፌቱን የግድ በትርፍራፊ ላይ ሞክረው ይጀምሩ፤ የክሩ ውጥረት የሚስተካከለው እዚያ ነው።

የቤት የስፌት መኪና ሁለት ድርብ ሌዘር ከነስፖንጁ መብሳት ሊያቅተው ይችላል። እንዲያ ከሆነ አይታገሉት። ቁርጡንና ምልክቱን ጨርሰው ስፌቱን ብቻ ወንበር ለሚያለብስ ባለሙያ ወይም ቦርሳ ሰፊ ይስጡ። አብዛኛው ድካም የእርስዎ ስለሆነ ዋጋውም ይቀንሳል።

መልሶ ማልበስ

አዲሱን ልብስ ከማልበስዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ያውሉት፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ስፖንጁን በቀጭን ፌስታል ቢሸፍኑት ልብሱ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ በኋላ ፌስታሉን ስበው ያወጡታል። ቀድሞ የሚታሰረው የመሐሉ ሽቦ ነው። የሽቦ ቀለበት ካላገኙ ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይተካዋል፤ ትርፉን ግን በጥሩ ሁኔታ ይቁረጡ። መሐሉ ከተያዘ በኋላ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን፣ በመጨረሻ የጎኑን ጠርዝ ይሳቡ። ትንንሽ ሽብሽብ ቢቀር አይጨነቁ፤ ከጥቂት ቀናት መቀመጥና ሙቀት በኋላ አብዛኛው ይጠፋል።

ወንበሩን ወደ መኪናው ሲመልሱ አራቱንም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ያስይዙ፤ ከዚያ በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ። ሽቦዎቹን አገናኝተው ባትሪውን ይመልሱ። ቁልፉን ሲያዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ካልጠፋ ለባለሙያ ሳያሳዩት አይንዱ። ወንበሩን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት፤ ቀበቶውንም ይቆልፉና ይሳቡት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከሹፌሩ ወንበር አይጀምር። ከተሳፋሪው ይጀምር፤ ስህተቱን እዚያ ይማርና የሚለፋበትን ወንበር በሠለጠነ እጅ ይሥራ። ሲጨርሱም ካርቶኖቹን አይጣሉ። የመኪናውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና የቁራጮቹን ብዛት ጽፈው በአንድ ገመድ አሥረው ይስቀሏቸው። የግራው ጠርዝ አንድ ቀን እንደገና መቀደዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሙሉውን ወንበር ሳይሆን ያችን አንዲት ቁራጭ ብቻ ቆርጠው ይተካሉ።