የታመቀ አየርና የሚባክነው የኤሌክትሪክ ኃይል፤ ሥልጠናው ለማን ይሰጥ?

በጎሚስታ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ የኮምፕረሰርን ድምፅ ያውቀዋል። ሞተሩ ጥቂት ያስገመግምና የተመደበለት ግፊት ሲሞላ ዝም ይላል። ጎማ የሚያስነፋ ደንበኛ ሳይኖር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ከተነሣ ግን አየሩ በአንድ በኩል እያፈተለከ ነው ማለት ነው። በትልልቅ ፋብሪካዎች የሚሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ በሞተሩ ትልቅነትና በሚከፈለው ሒሳብ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው የታመቀ አየር በብዙ ፋብሪካዎች ከኤሌክትሪክና ከውሃ ቀጥሎ የሚፈለግ አገልግሎት ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማግ እየወረወረ ጨርቅ ያሸምናል፤ በመጠጥ ፋብሪካ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይነፋል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካ የአቧራ ማጣሪያ ከረጢቶችን ያራግፋል። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ ነው። ኮምፕረሰሩ ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ተለውጦ ስለሚጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ጠቃሚ ሥራ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። ስለሆነም በኤሌክትሪክ ሞተር ሊሠራ የሚችለውን ሥራ በታመቀ አየር ማሠራት ብዙ እጥፍ ኃይል ያስወጣል።

ይህ ሁሉ ውድነት ለሠራተኛው የማይታየው ለምንድን ነው? ውሃ ሲፈስ ወለሉን ያረጥባል፤ ዘይት ሲንጠባጠብ ያቆሽሻል፤ እንፋሎት ሲወጣ ይታያል፣ ያቃጥላልም። አየር ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ድምፁም በማሽኖቹ ጩኸት ይዋጣል። ከሁሉም በላይ አየር ነጻ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ አለ። ነገር ግን የ7 ባር ግፊት ባለበት ቧንቧ ላይ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ከ3 ኪሎዋት የማያንስ ኃይል ታባክናለች። ፋብሪካው በዓመት 6,000 ሰዓት ቢሠራ ይህ 18,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በቂ ጥገና በማይደረግበት ፋብሪካ ኮምፕረሰሮቹ ከሚያመነጩት አየር ከመቶ 20 እስከ 30 እጅ የሚሆነው በእንዲህ ያሉ ቀዳዳዎችና በላሉ መጋጠሚያዎች ማለቁ የተለመደ ነው።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልምድ ትምህርት ሰጪ ነው። የሀገሪቱ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የገበያ ጥናት፣ በታመቀ አየር አያያዝ ረገድ ዋና ዓላማችን የኃይል ወጪን መቆጣጠር ነው ያሉት ተጠያቂዎች ከመቶ 9 እጅ ብቻ ሲሆኑ፣ ከመቶ 71 እጅ የሚሆኑት ዋና ዓላማቸው አየር እንዳይጓደል ማድረግ ነበር። እንግዲህ ጉድለቱ የመሣሪያ ሳይሆን የአስተያየት ነበር ማለት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የኮምፕረሰር አምራቾችና የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 «ኮምፕረስድ ኤር ቻሌንጅ» የተባለውን የጋራ ፕሮግራም መሥርተው የአንድ ቀን የመሠረታዊ ዕውቀትና የሁለት ቀን የከፍተኛ ደረጃ ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ግምገማ ከሠለጠኑት የፋብሪካ ተወካዮች ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሥልጠናው በኋላ ማሻሻያ ማድረጋቸውን ገልጸዋል፤ ማሻሻያ ባደረጉት ዘንድ የተገኘው ቁጠባ በአማካይ ከመቶ 8 እጅ ገደማ ነበር። ቁጥሩ በሠልጣኞቹ በራሳቸው መልስ ላይ የቆመ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ቢሆንም የጥቂት ቀን ትምህርት ላስገኘው ውጤት ትንሽ አይባልም።

የሥልጠናው ፍሬ ነገር ቀዳዳ ድፈኑ የሚል ምክር አይደለም፤ ይህን ለማለት ሥልጠና አያስፈልግም። ዋናው ቁም ነገር ኮምፕረሰሩን፣ ማድረቂያውን፣ ማጠራቀሚያውን፣ ቧንቧውንና አየሩን የሚጠቀመውን መሣሪያ እንደ አንድ አካል አድርጎ መመልከት ነው። ለምሳሌ በቧንቧው ጫፍ ያለ አንድ ማሽን ግፊት ሲያንሰው፣ የተለመደው መፍትሔ በኮምፕረሰሩ በኩል የሁሉንም ግፊት ከፍ ማድረግ ነው። በ7 ባር አካባቢ ግፊቱ በ1 ባር በጨመረ ቁጥር የኃይሉ ፍጆታ ከመቶ 6 እስከ 7 እጅ ይጨምራል፤ ከዚህም ሌላ በየቀዳዳው የሚያፈተልከው አየር አብሮ ይበዛል። የችግሩ ምንጭ ግን የተደፈነ ማጣሪያ ወይም የጠበበ የጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል። በሌላም በኩል ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው የኮምፕረሰሮቹ መቆጣጠሪያ ሳይስተካከል ከቀረ የታሰበው ቁጠባ አይገኝም። ብዙ ኮምፕረሰሮች አየር ሳያመነጩ ባዶአቸውን ሲዞሩ እንኳ የሙሉ ጭነታቸውን ኃይል ሩብ ያህል ይበላሉና፣ ትርፍ የሆነውን ማሽን ማጥፋት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ መሠልጠን ያለበት ማን ነው? በብዙ ቦታ ለሥልጠና የሚላከው የጥገና ክፍል ኃላፊው ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የሚያፏጨውንም መጋጠሚያ በየዕለቱ የሚሰማው በማሽኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ከሥራ በኋላ የልብሱን አቧራ በአየር ቱቦ የሚያራግፈውም እርሱ ነው። ይህ ልማድ ለኃይል ብክነት ብቻ ሳይሆን ለዓይንና ለጆሮ ጉዳት፣ አየር በቆዳ ውስጥ ከገባም ለሕይወት አደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ የደኅንነት ትምህርትና የቁጠባ ትምህርት በአንድ ላይ ሊሰጡት ይቻላል። የግዢ ክፍል ሠራተኛም ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ኮምፕረሰር በዘመኑ ከሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲሆን የመግዣው ዋጋ አነስተኛው ክፍል ነውና፣ በዋጋ ርካሽ የሆነውን መምረጥ ሁልጊዜ ቁጠባ አይደለም።

በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ይህን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያሻም። በወርክሾፑ ያለው ኮምፕረሰር ግፊት ሲሞላ ሥራ የሚያቆም፣ ሲጎድል የሚጀምር ዓይነት ከሆነ አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃል። አየር የሚጠቀሙ መሣሪያዎች በሙሉ ይዘጋሉ፤ የቧንቧው መሥመር ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያም ተማሪዎቹ ኮምፕረሰሩ አየር የሚሞላበትንና የሚያርፍበትን ጊዜ ደጋግመው ይመዘግባሉ። የሚሞላበት ጊዜ ለሁለቱ ጊዜያት ድምር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ከኮምፕረሰሩ አቅም በቀዳዳ የሚጠፋው ክፍል በመቶኛ ይገኛል። ለምሳሌ 90 ሰከንድ ሠርቶ 210 ሰከንድ ቢያርፍ ብክነቱ ከመቶ 30 እጅ ነው ማለት ነው፤ በደንብ በተያዘ ሥርዓት ከ10 እጅ መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ ተማሪዎቹ በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን እየፈተሹ ቀዳዳ በተገኘበት ሁሉ ምልክት ያስራሉ፤ ከጥገናው በኋላም ልኬታው እንደገና ይወሰዳል። መጋጠሚያዎች በማሽን ንዝረት መልሰው ስለሚላሉ፣ መምህሩ የመጀመሪያውን መዝገብ አስቀምጦ ያንኑ ልኬታ በየሦስት ወሩ በአዳዲስ ተማሪዎች ቢያሠራ መልካም ነው።